ዋጋሪ የደበቀው ጨፌ

በነቀምቴ ድንጋይ በመጥረብ ዋጋሪን የሚስተካከል አልነበረም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ መዘዙ የመጣው ከዚያው ከእጁ ስለሆነ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከሚሲዮኖቹ ዘንድ ሙያውን ተምሮ፣ የጸሎት ቤቱን ግድግዳ፣ የትምህርት ቤቱን መሠረት፣ የሁለት ሦስት ባላባቶችን ቤት ሠርቶ ስሙ እስከ ጊምቢ ወጥቶ ነበር። ጣልያን ከተማዋን ሲይዝ ሌላው ሰው ላሙን ደበቀ፣ ጠመንጃውን ቀበረ፤ ዋጋሪ ሙያውን የት ይቅበረው? ብዙም ሳይቆይ ለጣልያን ያደረ አንድ አስካሪ ወታደር ከደጁ ቆሞ ግንበኛው አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ነገሩ በዚያው ተጀመረ።

ያስጠራው ካፒቴን ዳልፒያዝ የሚባል የምህንድስና መኮንን ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከጥርሱ ግማሹ የረገፈ ሰው። አይጮህም፣ አይሳደብም። ሰው ሲገረፍ ማየት አይወድም፤ ሲገረፍ ካየ ግን ፊቱን ያዞራል እንጂ ተው አይልም። እንዲህ ያለው ሰው እኔን ከሚጮኸው ይበልጥ ያስፈራኛል።

የመጣው ነቀምቴን በምሽግ ሊከብባት ነው። አርበኞቹ ጫካውን ይዘዋል፤ ከአዲስ አበባ ስንቅና ጥይት ጭኖ የሚመጣውን ካሚዮን በየገደሉ ያቃጥሉታል። ካፒቴኑ በከተማዋ ዙሪያ ሰባት ኮረብታ መረጠ። በየኮረብታው አንድ አንድ ምሽግ፣ በየምሽጉ መትረየስ ይቆማል፤ ከየምሽጉ ፊት እስከ አንድ ሺህ እርምጃ ድረስ ዛፍ የሚባል አይቆምም፣ ቤት የሚባል አይኖርም። ትእዛዙ ይኸው ነው። በባኬ ጃማ በኩል ሠላሳ የሚሆን ቤት በአንድ ሳምንት ነደደ። ባለቤቶቹ ገና ጭሱ ሳይጠፋ የዚያኑ ምሽግ ድንጋይ እንዲሸከሙ ተሰለፉ።

ዋጋሪ የግንበኞቹ አለቃ ሆነ። እምቢ ቢል ኖሮ እንላለን ዛሬ፣ ሆዳችን ሞልቶ ተቀምጠን። ሚስቱ ሎሚ ታማ ተኝታለች፤ አስካሪዎቹ ቤቱን ያውቁታል፤ ወዴት ይሂድ? በየማለዳው ቱንቢውንና መዶሻውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ኖራ የበላው እጁን በቅቤ እያሸ ይተኛል። ከካፒቴኑ ጋር የሚያገናኘው ተድላ የሚባል አስተርጓሚ ነው። ተድላ ከጎጃም ከመጡ ሰፋሪዎች እዚያው ነቀምቴ የተወለደ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው የማይለይ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ጣልያንኛውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ እሱ አስመራ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ነው ይላል።

በጥር ወር አንድ ቀን፣ በጉቴ መንገድ በኩል ያለው አራተኛው ምሽግ ወገብ ሲደርስ፣ ካፒቴኑ ለምሳ ከግንበኞቹ አጠገብ ተቀመጠ። ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ጠጠር ለቅሞ መሬት ላይ በክብ መደርደር ጀመረ። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ጠጠር አኖረና ይህች ከተማ ናት አለ። ዋጋሪ ነቀምቴ መስላው ነበር። አልነበረችም።

ካፒቴኑ የተወለደበት ትሬንቶ በልጅነቱ በኦስትሪያ ንጉሥ ሥር ስለነበረ፣ በወጣትነቱ የተዋጋው ለኦስትሪያ ነበር። ከመስኮብ፣ ከሩሲያ ማለት ነው፣ ድንበር አጠገብ፣ ሳን ከሚባል ወንዝ ዳር ወዳለች ፕሼሚሽል ወደምትባል ከተማ ላኩት። ዋጋሪ ስሟን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው። ያቺን ከተማ ኦስትሪያዎቹ ስልሳ ዓመት ሙሉ ምሽግ ሲሠሩላት ኖሩ። መጀመሪያ ቅርብ ሠሩት፤ መድፉ ሩቅ መምታት ሲጀምር ያንን ትተው ወዲያ አርቀው ሠሩ፤ መድፉ ደግሞ ሲያድግ ደግሞ ገፉት። በመጨረሻ ዙሪያውን በእግር ቢኬድ አንድ ቀን ሙሉ ተሂዶ የማያልቅ ቀለበት ሆነ። ካፒቴኑ ጠጠሮቹን በጣቱ እየነካ፣ ምሽግ ራሱን አይጠብቅም አለ። ይህኛው የዚያን ጎን ያያል፣ ያኛው የዚህን ጎን። ጠላት አንዱን ለመምታት ሲጠጋ የሚገድለው ጎረቤቱ ነው። አንድ ቦታ ሁለቱም የማያዩት ጎድጓዳ ካለ ግን ቀለበቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ዋጋሪ ይህን ሲሰማ ደንቆት ለተድላ፣ ይህማ የእኛው የጎረቤት ወግ አይደለም ወይ አለው። ተድላ ሳቀና አልተረጎመውም። ዋጋሪ ግን ከተማዋ ምን ሆነች ብሎ አስጠየቀ። ካፒቴኑ ጠጠሮቹን በእጁ በተነ። ምሽጎቹን መስኮብ አልሰበራቸውም፤ ዙሪያቸውን ከቦ ተቀመጠ። ውስጥ ያለው ወታደርና ሕዝብ ፈረሱን በላ፣ ከዚያ የፈረሱን ቆዳ ቀቀለ፤ የእሱም ጥርስ የረገፈው ያኔ ነው። በአምስተኛው ወር የገዛ ምሽጋቸውን በገዛ ባሩዳቸው አፈንድተው እጃቸውን ሰጡ። ይህን ሁሉ የነገረው የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ሲጨርስ ተነሣና ወደ ሥራችሁ አለ።

አንድ ሰው ምሽግ ምን እንዳደረገው እያወቀ እንደገና ምሽግ ለምን ይሠራል? እኔ አልገባኝም፣ ዋጋሪም አልገባውም።

በየካቲት አራተኛው ምሽግ አለቀ። ዋጋሪ የመተኮሻ ቀዳዳዎቹን ማዕዘን ራሱ ነበር ያወጣው፤ አምስተኛውም የእሱ እጅ ነው። የመጨረሻውን ድንጋይ ባስቀመጠ ዕለት ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አሻግሮ አየ። በሁለቱ ምሽጎች መካከል፣ አራት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ጨፌው አለ። ውኃ የሚያቁርና ቄጠማ የሚበቅልበት፣ ሳይታሰብ ወደ ታች የሚሰጥም ጎድጓዳ መሬት ነው። ከላይ ሲታይ ወዲህኛው ጠርዝ ከወዲያኛው ጠርዝ ጋር ገጥሞ አንድ ሜዳ ይመስላል። ከአራተኛውም ከአምስተኛውም የሚተኮስ ጥይት በላዩ ያልፋል። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ስድስት ጎጆ አለ። ከስድስቱ አንዱ የልጁ የድርቤ ነው።

ድርቤ ለኩማ ከተዳረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንዲት ገና ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አለቻት። ዋጋሪ ሌላ ልጅ የለውም። አስካሪዎቹ ጎጆዎቹን ያውቋቸዋል፤ ወተትና እንቁላል የሚገዙት ከእነዚያው ስለሆነ ለካፒቴኑ ለመናገር አልቸኮሉም። የምድጃው ጭስ ደግሞ ከጀርባ ካለው መንደር ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ካፒቴኑ መሬቱን የለካው ከኮረብታው አናት ሆኖ በመነጽር ነበር። ያን ቀን ማታ ዋጋሪን በመካከል ያለው መሬት እንዴት ነው ብሎ አስጠየቀው።

ዋጋሪ፣ “ሜዳ ነው” አለ።

ተድላ ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ነው። በዚያ ጨፌ ቄጠማ እያጨደ ነው ያደገው። ዋጋሪን አንድ ጊዜ አየውና፣ ሜዳ ነው ብሎ ተረጎመ። ካፒቴኑ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ዋጋሪ በማግሥቱ እሑድ ከጸሎት ቤት እንደወጣ ወደ ጨፌው ወረደ። የመንደሩ ሽማግሌ ጨመዳ ቤት ሰዎቹን ሰበሰበና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ካፒቴኑ ይህን ቦታ ካወቀ ስድስታችሁም ሜዳ ላይ ናችሁ አለ። ጠርዙ ላይ ወጥታችሁ አትቁሙ፤ ከብት ወደ ላይ አትንዱ፤ ሠርግም ሆነ ሌላ ድግስ እዚህ አይደረግ። ይህን ሁሉ እሺ አሉት። ከዚያ የመጨረሻውን ተናገረ።

የተናገረው ስለ ኢያ ነው። ኢያ በአማርኛ እሪታ እንደ ማለት ነው፤ ግን እሪታ ብቻ አይደለም። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ውኃ ሲወስደው፣ አውሬ ሲገባ፣ አንዱ ከፍ ያለ ቦታ ቆሞ ኢያ ይላል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ሲሮጥም እየተቀበለ እየጮኸ፣ ወደ ድምፁ ይደርሳል። የተጣላም ይሁን፣ የታመመም ይሁን። ሰምቶ የቀረ ሰው ከዚያ በኋላ ከሰው አይቆጠርም፤ ሬሳው እንኳ ቢወድቅ የሚያነሣለት የለም። ዋጋሪ ይህን እያወቀ ነው ምንም ቢመጣ ኢያ አትበሉ ያላቸው። ሰዉ ከየኮረብታው እየሮጠ መጥቶ እዚህ ሲገባ ካፒቴኑ ያያል፤ ያን ሁሉ ሰው መሬት ውጣው ስትቀር መጠየቁ አይቀርም።

ጨመዳ ይህ የሚቻል ነገር አይደለም አለ። እሳት ቢነሣ ልጅ እያየን ልናቃጥል ነው? የተከራከረው ኩማ ነበር። አማቴ ልክ ነው አለ። ጣልያን እንግዳ ነው፣ ዕድሜ ልኩን አይቀመጥም፤ አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት አፍነን እንለፍ። ክፉ ነገር ከመጣ አንድ ሴት ቀስ ብላ ከቤት ቤት ትሂድና ትጥራ፤ እኛ ለራሳችን እንበቃለን። ኩማ አነጋገሩ ይጥማል፣ ሁሉም ይወደዋል። በእሱ ቃል ተስማሙ። ድርቤ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ዋጋሪ ሲወጣ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ ደግሞ አስማላት።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከሁሉም ይልቅ አንቺ” አላት፤ “የአንቺን ድምፅ እኔ ከምሽጉ እሰማዋለሁ። አደራ።”

“እሺ አባ” አለች።

ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ግንቦት ሳያልቅ ዝናቡ በየቀኑ መውረድ ጀመረ። ጣልያኖቹ ለወታደር ቀለብ እህል ከየቤቱ ሊሰበስቡ ነው ተባለና ገበሬው ማሽላና በቆሎውን መቅበር ያዘ። ኩማም ከጓሮው ጉድጓድ ቆፈረ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሰው በመሰላል የሚገባበት፣ እህል ዓመት ቢቀመጥ የማይነቅዝበት የደንቡ ጉድጓድ። እንዲህ ያለው በበጋ ነው የሚቆፈረው። በእርጥብ አፈር አይቆፈርም፤ ይህን ኩማም ያውቃል። ግን እህል ሰብሳቢዎቹ በጋን አልጠበቁም።

አንድ ረቡዕ ጧት፣ ወንዶቹ ሁሉ ለምሽግ ሥራ ወጥተው፣ ኩማ በሽታ አስመስሎ ቀርቶ ከጉድጓዱ ግርጌ ሳለ ጎኑ ተንዶ ወደቀበት። ድርቤ አፈሩ ሲወርድ ሰማች። ሮጣ ስትደርስ መሰላሉ ግማሽ ድረስ ተቀብሯል፤ ኩማ አይታይም። ድምፁ ግን ከታች ይመጣል። ወደ ጎን በፈለፈለው ሆድ ውስጥ ትንሽ አየር ቀርታለት ነበር። ደረቴ ድረስ ተይዣለሁ፣ እጄ አይንቀሳቀስም አላት።

አራት መቶ እርምጃ ላይ አርባ ወንድ አለ። አካፋና ዶማ የያዘ፣ መሬት መቆፈር የዕለት ሥራው የሆነ፣ ባሏን እንደ ወንድሙ የሚያይ አርባ ወንድ። ከመካከላቸው አንዱ የገዛ አባቷ ነው። ጠርዙ ላይ ወጥታ አንዴ ብትጮህ ዶሮ ሳይታረድ ይደርሳሉ።

አልጮኸችም። አማቷን ወደ ጨመዳ ቤት ላከች፤ አሮጊቷ እየተንፏቀቀች ሄደች። ጨመዳ መጣ፣ ሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች መጡ፣ አንዲት ማየት የተሳናት ባልቴት ሳትቀር መጣች። አካፋ የለም፤ ለምሽጉ ተወስዷል። በእጃቸው፣ በቅል፣ በጣባ ዛቁት። የዛቁትን ያህል ከጎን ይወርዳል። ጨመዳ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ድርቤን አያት። ጥሪ እንዳይላት ቃሉ አለ፤ አትጥሪ እንዳይላት ደግሞ አፉ እምቢ አለው። ኩማ ከታች፣ “ድርቤ፣ እንዳትጮኺ፤ ልጅቷ ቤት ይኑራት” አላት። ይህን ያለው ገና ድምፁ ጠንካራ ሳለ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ዝም ማለት ጀመረ። ስትጠራው አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ አይመልስም። ከዚያ አልመለሰም።

ያወጡት ከቀትር በኋላ ነው። ጨመዳ ዓይኑን ከደነለት፤ ማታ ሰዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ቀስ ብለን፣ ያለ ለቅሶ እንቀብረዋለን አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ድርቤ ግን አላለቀሰችም። ጭቃውን ከባሏ ፊት በቀሚሷ ጠረገች፣ ልጇን ከአማቷ ተቀብላ አዘለች፣ ተነሥታም የጨፌውን ዳገት መውጣት ጀመረች። ጨመዳ ወዴት ነው አላት። ዞራም አላየችው።

ዋጋሪ በዚያ ሰዓት አራተኛው ምሽግ ላይ ነበር። ዝናብ የናደውን የአጥር ድንጋይ እያስጠገነ፣ ካፒቴኑ ከጎኑ ቆሞ ካርታውን እያየ። ኢያው ሲመጣ መጀመሪያ የሰማው እግሩ ነው። መዶሻውን ጥሎ አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር፤ የልጁ ድምፅ መሆኑን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አርባው ሰው በአንድ ትንፋሽ ተነሣ። ድንጋይ የተሸከመው ጣለ፣ ኖራ የሚያቦካው ከነአካፋው ሮጠ። አስካሪዎቹ ቁሙ እያሉ ጮኹ፤ ማን ይሰማቸዋል። ቁልቁለቱን እየተቀበሉ ኢያ እያሉ ወረዱ። ከሌላውም ኮረብታ፣ ከመንገዱም፣ ከጀርባ ካለው መንደርም ሰው መጉረፍ ጀመረ። የሚታደጓት ነፍስ ያለች መስሏቸው ነበርና ያለ የሌለ ጉልበታቸውን አውጥተው ሮጡ።

ዋጋሪ ቆመ። በዚያች አፍታ ያሰበውን በኋላ ስንት ጊዜ መላልሶ አስቦታል። እኔ ብሮጥ እዚህ የሚቀረው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ ያያል፣ ይጠይቃል፣ የሚዋሽለት የለም። እኔ ብቀር አንድ ነገር እለዋለሁ፤ ቤቷን አተርፍላታለሁ። ልቡ ወደዚያ እየተጎተተ እግሩን ተከለ። ከካፒቴኑ ጎን የነበረውን ተድላን ያዘና፣ ሩቅ መንደር ሰው ሞቶ ነው በለው፣ ለቅሶ ደርሰው ይመለሳሉ፣ እንዳይተኩሱ በለው እያለ ለመነ። ተድላ እየተንተባተበ ተረጎመ። ካፒቴኑ የአራተኛውን መትረየስ በእጁ ምልክት አስቆመ።

የአምስተኛውን ግን ማን ያስቁመው? እዚያ ያሉት ወታደሮች ያዩት አካፋና ዶማ የያዘ ብዙ ሰው እየጮኸ ሲሮጥ ነው። ተኮሱ። መጀመሪያ ዱቤ የሚባለው ኖራ አቡኪ በግንባሩ ተደፋ፤ ቀጥሎ አንድ ከጉቴ የመጣ ጎልማሳ። የቀሩት ሮጡ እንጂ አልተበተኑም። ጨፌው ጠርዝ ላይ ደረሱና አንድ በአንድ ከዓይን ጠፉ። መትረየሱ ቀጠለ፤ ጥይቱ ወዲያ ማዶ ያለውን አፈር ያቦናል እንጂ አንድ ሰው አይነካም። ካፒቴኑ መነጽሩን አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየ። የሚሮጥ ሕዝብ ነበረ፤ አሁን ባዶ ሜዳ አለ፤ ከባዶው ሜዳ ውስጥ ደግሞ የለቅሶ ድምፅ ይወጣል። መነጽሩን አወረደ።

“ሜዳ ነው ብለኸኝ ነበር” አለ።

ተድላ ተረጎመው። ካፒቴኑ ቀጥሎ ጠየቀ።

“ሁሉም ሲሮጥ አንተ ለምን ቀረህ?”

ዋጋሪ እንዳይተኮስባቸው ልለምንህ ነው አለ። እውነቱንም ነበር፣ ግማሹን። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፤ የተናደደም አይመስልም። እኛም ያቺን ከተማ የምናድናት መስሎን ነበር ውስጧ የቀረነው አለና ካርታውን አጠፈ። ኮምፓሱን ይዞ፣ ስድስት አስካሪ አስከትሎ፣ ቁልቁል በእግሩ ወረደ።

በሁለተኛው ቀን ስድስቱ ጎጆ ተቃጠለ። ኩማ የተቀበረው በዚያው ዋዜማ ነው፤ አፈሩ ገና አልረጋም ነበር። ዋጋሪ ሃያ ጅራፍ ተገረፈ፤ ካፒቴኑ ፊቱን አዞረ። ተድላን ወደ እስር ቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዴት እንዳደረሱት አልታወቀም። ዋጋሪን ግን አላሰሩትም። ጨፌው መሀል ስምንተኛ ምሽግ ይሠራል፣ ያለ አንተ ክረምቱ ከመጠናቱ በፊት አያልቅም ተባለ። ጀርባው ሳይሽር መሠረቱን እንዲያወጣ ተደረገ። ለመሠረቱ የተመረጠው ደረቅ መሬት የልጁ ጓሮ ነበር፤ ሠራተኞቹ የጉድጓዱን አፍ ዋጋሪ በጠረበው ድንጋይ ደፈኑት። ከዚያ ወዲህ ከሠራተኞቹ አንድም ሰው ለዋጋሪ ሰላምታ አልሰጠውም። ጧት ሲመጣ አካም ቡልተኒ ይላል፤ ሁሉም ድንጋዩን ያያል።

ድርቤ አካባቢውን ለቃ ከመሄዷ በፊት የዱቤን ቤት ጠይቃ ሄደች። የሚስቱ እግር ላይ ወደቀች፤ ሴትዮዋ አነሣቻት። የጉቴው ሰውዬ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ለመሄድ መንገዷ በአዲሱ ምሽግ ጎን ነበር። ልጇን አዝላ፣ ከእሳት የተረፈውን ዕቃ በአንድ አቁማዳ ይዛ፣ አማቷን ከኋላ አስከትላ መጣች። ዋጋሪ አያትና ከግንቡ ወረደ። ለስንት ቀን ሊላት ያዘጋጀው ነበረ፤ ቤትሽን ላተርፍ ብዬ ነው፣ ለልጅቷ ብዬ ነው፣ ኩማ መሞቱን አላወቅሁም። ሁሉም እውነት ነው።

እሷ ግን ቀደመችው። የኩማን ድምፅ እስከ ቀትር እሰማው ነበር አለችው። እንዳትጮኺ ብለኸኝ ስለነበር አልጮኽኩም። እሱም እንዳትጮኺ አለኝ። ሲሞት ግን ለማን ብዬ ዝም እላለሁ? አባቴ ይስማኝ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ሌላው ሰው ይሮጣል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ከዚያ፣ “አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ” አለች። “ያን ዕለት ድምፄን ሰምተሃል?”

አልሰማሁም ቢላት ትፈልግ ነበር፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ነፋስ ነበረ፣ መዶሻ ይጮህ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ነበርኩ ማለት ይችል ነበር። ብላ ብላ አንድ ቀን ታምነው ይሆናል። ዋጋሪ ግን ለካፒቴኑ አንድ ጊዜ ዋሽቶ የሆነውን አይቷል፤ ለእሷ ደግሞ ሊዋሽ አልቻለም።

“ሰምቻለሁ” አላት።

ድርቤ ራሷን ነቀነቀች። አቁማዳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ልጅቷን በጀርባዋ ከፍ አደረገቻትና የጉቴን መንገድ ያዘች። አሮጊቷ ተከተለቻት። ዋጋሪ መታጠፊያው እስኪሰውራቸው ድረስ ቆመ። ከኋላው አስካሪው ፊሽካ ሲነፋ ተመልሶ ግንቡ ላይ ወጣ፤ ከሠራተኞቹ መሀል ድንጋይ የሚያቀብለው ስላልነበረ ራሱ ወርዶ ተሸከመ።